የተዘጋ መዝገብና የሚጠበቅ ብርሃን

ከወልድያ ተነሥቶ በደሴው መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ መርሳ ሳይደርስ የሚያገኛት ሲሪንቃ፣ ከስፋቷ ይልቅ በሥራዋ የታወቀች ስፍራ ናት። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚህች በሐብሩ ወረዳ ምድር ነውና፣ የመንግሥት ገንዘብ በአግባቡ ሲወጣ ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ ለማየት የሚሻ ሰው ሌላ ምስክር ሳይጠራ የማሽላውን ማሳ መመልከት ይበቃዋል። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም የማሽላውን ሥር ይዞ ሲያደርቅበት ለዘመናት የኖረው የቆላ ገበሬ፣ አረሙን የሚቋቋመውን ብርሃን የተባለውን ዝርያ ያገኘው ከዚህ ማዕከል ነው፤ በሐብሩዋ በግራና ስም የተጠራው ግራና-1 የተባለው ማሽላም የወጣው ከዚሁ ነው።

ይህ ዘር ወደ ገበሬው እጅ የደረሰው ተመራማሪው መልካም ነው ስላለ ብቻ አይደለም። አዲስ ዝርያ ከመለቀቁ አስቀድሞ በልዩ ልዩ ስፍራና በተከታታይ ወቅት ይዘራል፤ ከነባሩ ዝርያ ጎን ለጎን ይመዘናል፤ በመጨረሻም ገምጋሚዎች ማሳው ድረስ ሄደው አይተውና መርምረው ካላጸደቁት በቀር ለማንም አይታደልም። ለአንድ ቁና ማሽላ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ መንግሥት፣ በቢሊዮን ብር የሚቆጠር የኀይል ማመንጫ ሊያሠራ በተነሣ ጊዜ ግን ተወዳዳሪ ሳይጠራና ገምጋሚ ሳያስገባ ውል የተፈራረመባቸው ዘመናት መኖራቸው፣ የዚህን አገር ሀብት የእኔ ነው የሚል ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ በወልድያ አጠገብ ባለችው በሐራ ገበያ እንዲያበቃ የታሰበው የባቡር ሐዲድ 392 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር በ1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ውል ተፈረመ፤ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና ከአውሮፓ አበዳሪዎች በተገኘ ብድርም በ2007 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። ባቡሩ በናፍጣ የሚነዳ ሳይሆን ከራሱ በላይ በተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህም ሐዲዱ ብቻውን ቢያልቅ ምንም አይጠቅምም፤ በመስመሩ ላይ በየርቀቱ ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ኀይል ተቀብለው ለሽቦው የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል። ሐዲዱን የሚያሠራው አንድ የመንግሥት ተቋም፣ ኀይሉን የሚያደርሰው ሌላ የመንግሥት ተቋም ሆነና፣ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ክፍል ሐዲዱና ድልድዩ፣ ዋሻውና ጣቢያው ተሠርቶ ሳለ፣ ኀይሉ በጊዜው ባለመድረሱ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር ዓመታት አለፉ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ያ ሁሉ ንብረት ለዝርፊያና ለጥፋት ተጋለጠ።

በዚህ ሐዲድ ላይ እገሌ የተባለ ሰው እጁን አስገብቷል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚያሰኝ ማስረጃም የለኝም። ነገር ግን ብድሩ ወለድ እየወለደ፣ ሐዲዱ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ሲቀር፣ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ የሐብሩ ገበሬ ወይም የወልድያ ነጋዴ ውሉንና የክፍያውን መዝገብ ከፍቶ፣ ይህ የዕቅድ ጉድለት ነው፣ ይህ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው፣ ይህ ደግሞ የጦርነት ጉዳት ነው ብሎ ለይቶ የሚያስረዳው አልተገኘም። የመንግሥት ገንዘብ በሁለት መንገድ ይጠፋል፤ አንዱ ስርቆት ነው፣ ሁለተኛው ብክነት ነው። ስርቆቱ ወንጀል ነውና ዳኛ አለው፤ ብክነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከስርቆቱ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ዳኛ የለውም። መዝገቡ የተዘጋ እንደ ሆነ ደግሞ ሌባው፣ ዕድለ ቢሱና ሐቀኛው ሠራተኛ በሕዝብ ፊት አንድ መልክ ይይዛሉ፤ ሌባው ከዕድለ ቢሱ ጀርባ ይሸሸጋል፣ ሐቀኛውም ባልሠራው ይታማል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ዋና ነገር ይኸው ነው።

ወሎ የተሸሸገ ነገር የሚያስከፍለውን ዋጋ ከማንም አገር በፊት አይቶታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ሕዝቡን በዚሁ በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ሲያረግፈው፣ ሹማምንቱ የአገር ስም እንዳይጎድፍ በሚል ነገሩን ሰወሩት፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ምስሉን አንሥቶ ለዓለም እስኪያሳይ ድረስም ረሃቡ በአደባባይ አልተነገረም። በኋላ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን ቢጠይቅም ሙታኑን የሚመልስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዓይነት ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ ክፉውን ዜና ከሕዝብ ዓይን የማራቅ ልማድ ግን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው እየተወረሰ መጥቷል።

የኤሌክትሪክ ኀይል ሥራ ለዚህ ልማድ የሚመች ጠባይ አለው። ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን ከገባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታላቅነት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ግድብ ሲሠራ የሚጠይቅ ሰው የልማት ጠላት ተደርጎ ይታያል። መሣሪያው አዲስና ረቂቅ በመሆኑም ዋጋውን በእርግጥ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ ገዢው ሹም ራሱ ባለሙያ ካልሆነ ወይም ባለሙያ ካልሰማ የተባለውን ከመክፈል በቀር ምርጫ የለውም። ይህን ድካም የሚጠግነው መድኀኒት ጨረታ ነው። ብዙ ሻጮች ሳይተያዩ ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ ሲያቀርቡ፣ አንዱ የሌላውን ውሸት ያጋልጣል፤ ፖስታው በሁሉ ፊት ሲከፈትም ሹሙ ለወዳጁ ሊያደላ ቢያስብ እንኳ የሚሰወርበት ጥግ ያጣል። የኢጣልያ መንግሥት በከፈለው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ግድብ ወዲህ በተሠሩት ታላላቅ ማመንጫዎች ታሪክ ውስጥ፣ ይህ መድኀኒት በእጅ እያለ ሳይወሰድ የቀረባቸው ጊዜያት አሉ። የግልገል ጊቤ ቁጥር ሁለት ሥራ ያለ ውድድር ለሳሊኒ ኩባንያ ተሰጠ፤ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የውሃ ዋሻው በጥር ወር 2002 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተደረመሰና ማመንጫው ለወራት ቆመ። የምድሩን ውስጥ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ማወቅ ለማንም መሐንዲስ አይቻለውም፤ የዋሻው መደርመስም የሙስና ማስረጃ አይሆንም። ጨረታ ስላልነበረ ግን ሕዝቡ ሁለቱን ነገር በአእምሮው አጣብቆ ያዘ፤ የሚያላቅቅለት ወረቀትም አላየም።

አሁን ወደ ታላቁ ሥራ ወደ ሕዳሴው ግድብ እንምጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጉባ የመሠረት ድንጋዩን ሲያኖሩ የተገመተው ወጪ 80 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ግብጽ በተቃወመችበት ሥራ ላይ ዓለም አቀፍ አበዳሪ ስለማይገኝ፣ ወጪውን ኢትዮጵያውያን ራሳቸው እንዲሸፍኑት ተወሰነ፤ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከእህል ሽያጩ፣ በውጭ አገር ያለው ወገን ከላቡ ቦንድ ገዛ። በመርሳና በወልድያ፣ በገጠሩም ቀበሌ ሁሉ ቦንድ ያልገዛ ቤት ለማግኘት ያስቸግራል። አንድ ድኻ ሕዝብ ማንንም ሳይለምን ይህን የመሰለ ሥራ መጀመሩና መፈጸሙ ዘመን የማይሽረው ክብር መሆኑን ከልቤ አምናለሁ፤ ገንዘቡ የተሰበሰበበት መንገድ ቅዱስ ስለ ሆነም ገንዘቡ የወጣበት መንገድ በዚያው ልክ ንጹሕ ሊሆን ይገባው ነበር።

የግድብ ሥራ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የድንጋይና የሲሚንቶው ሥራ ነው፤ ወንዙን አግዶ ውሃውን ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው የብረትና የኤሌክትሪኩ ሥራ ነው፤ ከፍ ያለው ውሃ በሰፋፊ የብረት ቧንቧዎች ወርዶ ተርባይን የተባለውን ግዙፍ መንኮራኩር ያሽከረክራል፣ የመንኮራኩሩ ዘንግ ጄነሬተሩን ያዞራል፣ ጄነሬተሩም እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ለሳሊኒ በቀጥታ ስምምነት ተሰጠ፤ ሁለተኛው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱን ፋብሪካዎች ሰብስቦ ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ ሜቴክ ብሎ ለሚጠራው ድርጅት ተሰጠ። ሜቴክ ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ የውሃ ኀይል ማመንጫ የተከለበት ጊዜ አልነበረም። የታሰበው፣ ሥራውን እየሠራ ዕውቀቱን ለአገር ልጆች እንዲያስቀር ነበር፤ ሐሳቡን ማንም አገሩን የሚወድ ሰው አይነቅፈውም። ዳሩ ግን ልምድ የሌለው ሠራተኛ የበለጠ ቁጥጥር ሲያሻው፣ ይህ ድርጅት የወታደር ወገን በመሆኑ የጦር ምሥጢርና የንግድ ሒሳብ ተደባለቁና ከሁሉ ያነሰ ተመልካች የነበረው እርሱ ሆነ።

ውጤቱም ዘግይቶ ታየ። ነሐሴ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ፣ ሥራው ከተጀመረ ሰባት ዓመት አልፎ ሳለ አንድ ተርባይን እንኳ እንዳልተተከለና ሥራው ከሜቴክ እንደ ተወሰደ ገለጹ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ ግዢ ያለ ዓለም አቀፍ ጨረታ ከውጭ አገር መፈጸሙን ለሕዝብ አስታወቁ፤ ከግዢዎቹም መካከል አንዳንዱ በደላላና በዘመድ በኩል ያለፈ እንደ ነበር፣ ያረጁ መርከቦች ሳይቀሩ የተገዙበት ጊዜ እንደ ነበር ዘረዘሩ። የድርጅቱ የቀድሞ ኃላፊዎችም ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። ክስ ፍርድ አይደለምና የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ለዳኞች እንተወው፤ የዚያ ሁሉ ቢሊዮን ጉዳይ ግን የሰዎቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሹም ቢታሰርና ቢፈታ፣ ጨረታ ሳይወጣ 37 ቢሊዮን ብር ሊወጣ የቻለበት ቀዳዳ መደፈኑን ማንም አላረጋገጠልንም።

በክልላችንም ይኸው ድርጅት ያለፈበት ስፍራ አለ። በአዊ ዞን በጃዊ ወረዳ የሚገኙት የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካዎች ለሜቴክ ተሰጥተው፣ ሸንኮራው በማሳ ላይ ደርሶ ሳለ ፋብሪካው ባለማለቁ አገዳው ያለ ጥቅም የቀረባቸው ዓመታት ነበሩ። የስኳር ፋብሪካ ስኳር ብቻ አይሰጥም፤ ከተጨመቀው አገዳ የሚቀረው ገለባ በምድጃ ተቃጥሎ እንፋሎት ያወጣል፣ እንፋሎቱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከሞላሰሱም ኢታኖል ይገኛል። ስለዚህ በበለስ የጠፋው ጊዜ የስኳር ብቻ ሳይሆን የኀይልም ጊዜ ነበር።

የግድቡን ዋና መሐንዲስ የስመኘው በቀለን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይላል። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ፣ መሐንዲሱ ሕይወታቸውን ያጠፉት ራሳቸው መሆናቸውን አስታወቀ። ብዙ ሰው ግን ይህን ለመቀበል ተቸገረ፤ እስከ ዛሬም የማይቀበል አለ። ይህ የሆነው ሕዝቡ ክፉ አሳቢ ስለ ሆነ አይደለም። ሥራው ለምን እንደ ዘገየ፣ ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ፣ የብረቱ ሥራ የት እንደ ደረሰ ለሰባት ዓመት ያህል በግልጽ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ፣ የሚያምነው ነገር በእጁ በኖረው ነበር። መዝገብ በተዘጋበት ስፍራ ወሬ ይሾማል፤ ለአገሩ ሲደክም የኖረ ሰው ሞቱ እንኳ ዕረፍት አያገኝም።

ሥራው ከሜቴክ ከተወሰደ በኋላ የብረቱና የኤሌክትሪኩ ክፍል ልምድ ላላቸው ለአውሮፓና ለቻይና ኩባንያዎች ተከፋፈለ፤ ለማመንጫው የታሰቡት 16 ተርባይኖች 13 ሆኑ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኀይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ተመረቀ። ሥራው መፈጸሙ የምስጋና ነገር ነው። ከጠፋው ዓመታት አንዱ እንኳ ቢድን ኖሮ ስንት ፋብሪካ በቆመበት ሰዓት በሠራ፣ ስንት ሐኪም ቤት በጄነሬተር ናፍጣ ከመክሰር በዳነ ብሎ መጠየቅም ምስጋናውን አያሳንሰውም።

ከግድብ ወዲህ የመጡትን አዳዲስ ጥበቦች በአጭሩ እንያቸው። በመቀሌ አጠገብ የአሸጎዳ የነፋስ ኀይል በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት ይዞ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። በላንጋኖ አካባቢ በአሉቶ ከምድር ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት የሚሠራ ትንሽ ማመንጫ ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አብዛኛውን ዘመኑን ግን ቆሞ አሳልፏል። በአዲስ አበባ በቆሼ የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ባለቁበት ስፍራ አጠገብ፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የታቀደው የረጲ ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ ሥራው እንደ ታሰበው ሳይሄድ ቀረ። የፀሐይን ነገር ስናይ ደግሞ በአፋርና በሶማሌ ክልል በዲቼቶና በጋድ ሊሠሩ የታሰቡ ሁለት ማመንጫዎች በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም አቀፍ ጨረታ ሲወዳደሩ፣ አሸናፊው አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ከሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ ቀረበ። ይህ በጊዜው በአፍሪካ ከታዩት ዋጋዎች ሁሉ ከዝቅተኞቹ አንዱ ነበር፤ የጨረታን ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ሥራው ግን ከጨረታ አልፎ ወደ ግንባታ ሳይሸጋገር ቀረ። ጨረታ ዋጋን ያስተካክላል እንጂ የውጭ ምንዛሪንና የባለሀብትን እምነት ብቻውን አያመጣም።

በወሎ ያለ ሰው ሁሉ ቅሬን ያውቃል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይገናኛል፣ ለቀብርና ለሐዘን ያዋጣል፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል፤ የጎደለ ካለ ገንዘብ ያዡ ይጠየቃል፣ ዳኛውም ቢሆን አይታለፍም። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ከሌላው ሰው ሁሉ የበለጠ ጻድቅ ስለ ሆነ አይደለም ገንዘቡ የማይጠፋው፤ መዝገቡ እንደሚነበብ ስለሚያውቅ ነው። የሕዳሴው ቦንድ በአሳቡ የመላው ኢትዮጵያ ቅሬ ነበር። የጎደለው የንባቡ ቀን ብቻ ነው።

የንባቡን ሥራ እንዲሠሩ የተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶች አሉን። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያለ ደንብ የተፈጸመ ግዢ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ ብሎ ሲዘረዝርም በየዓመቱ እንሰማለን። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛውሮ እርሱ በዋናነት የማስተማርና የሹማምንትን ሀብት የመመዝገብ ሥራ ይዞ ቀረ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙስና የአገርን ደኅንነት የሚያሰጋ ሆኗል ብለው ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋሙ። እንግዲህ መሥሪያ ቤት አላጣንም፤ ያጣነው የኦዲተሩ ወረቀት ምክር ቤት ከደረሰ በኋላ ገንዘቡን የሚያስመልስና ሹሙን ከወንበሩ የሚያነሣ እጅ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር ለሚመስለው አንባቢ ዕዳው ወዴት እንደ ሄደ ልንገረው። ማመንጫዎቹ፣ የስኳር ፋብሪካዎቹና ሐዲዶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በብድር ነው፤ የአገር ውስጡ ብድር ብዙው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወጣ ነው። ድርጅቶቹ ሊከፍሉ ባለመቻላቸው በ2013 ዓ.ም. ዕዳቸውን የሚሸከም የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ባንኩ በዚህ ዕዳ ምክንያት እንዳይናጋ እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጠው በሕግ ተፈቀደ። ያ ቦንድ የሚከፈለው ከግብር ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወሰነ። ስለዚህ ወልድያ ላይ ትንሽ የእህል ወፍጮ ያለው ሰው በሜቴክ ዘመን ያለ ጨረታ የተገዛውን ዕቃ ዋጋ በሁለት በኩል ይከፍላል፤ በግብሩም በቆጣሪውም።

ገንዘቡ በትልልቁ ሥራ ሲጠመድ ደግሞ ትንሹ ሥራ ይዘነጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2025 ድረስ ለሁሉም ዜጋ ብርሃን ለማድረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመረቡ ውጭ በፀሐይና በመሰል ምንጭ እንደሚያዳርስ ተናግሮ ነበር። ዘመኑ ደርሶ ሳለ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አሁንም በኩራዝና በባትሪ ነው የሚያመሸው። የሰሜን ወሎ ሰው በአንድ መስመር ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በጦርነቱ ጊዜ አይቷል፤ ኀይሉ በአላማጣ ጣቢያ በኩል የሚመጣላት ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ በጨለማ ቆየች፣ ወፍጮው ቆመ፣ የሐኪም ቤቱ መሣሪያ ቆመ። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ በሬማ አንድ የጀርመን ድርጅት ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ላይ የፀሐይ ብርሃን መሣሪያ ሲተክል፣ ባለቤቶቹ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እያዋጡ፣ የመንደሩም ልጆች ጥገናውን እየተማሩ ነበር። በጣራው ላይ ያለውን ፓነል ባለቤቱ በየቀኑ ያየዋል፤ ቢሠራም ባይሠራም ያውቀዋል፤ ምን ያህል እንደ ከፈለበትም አይሰወርበትም። ኀይሉ ጥቂት ነው፣ ፋብሪካ አያንቀሳቅስም፤ ሆኖም ለግራናው መስኖ ውሃ መሳቢያ፣ ለቀበሌው ጤና ኬላ ክትባት ማቀዝቀዣ ከአባይ ማዶ መስመር መጠበቅ ግድ አይደለም። ከበጀቱ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚገባውን ድርሻ መስጠት ተመርቆ ሪባን የሚቆረጥበት ስላልሆነ ሹሙን ደስ አያሰኘው ይሆናል፤ ለሕዝቡ ግን ይበጀዋል።

አሁን በዜናው ላይ ያለው ደግሞ የኑክሌር ኀይል ነው። ግድቡ በተመረቀበት ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሚጀመሩት ታላላቅ ሥራዎች መካከል የኑክሌር ማመንጫን ጠቅሰዋል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ስምምነት ተፈርሟል። ይህ ጥበብ ዩራኒየም የተባለውን ማዕድን አተም ሰንጥቆ በሚወጣው ሙቀት ውሃን ወደ እንፋሎት እየለወጠ ተርባይን የሚያዞር ነው፤ ድርቅ እንደ ግድብ በቀላሉ አያቆመውም፣ በቀንና በሌሊት እኩል ይሠራል፤ ወንዛችን ሲጎድል መብራታችን ለሚጠፋብን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ከግድብም እጅግ ይበልጣል፣ ግንባታው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ከተቃጠለው ነዳጅ የሚቀረውም አደገኛ ዝቃጭ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተጠብቆ መኖር አለበት። ግብጽ በኤል ዳባ የምታሠራውን ማመንጫ የጀመረችው ከሩሲያ 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ወስዳ ነው።

ደቡብ አፍሪካ በዚህ መንገድ ስትሄድ የገጠማት ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ዘመን መንግሥቱ 9,600 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የኑክሌር ማመንጫዎችን ለማሠራት ሲነሣ ከሩሲያ ጋር የተፈራረመውን ውል ዝርዝር ለሕዝብ አልገለጸም ነበር። ማኮማ ለካላካላና ሊዝ ማክዴድ የተባሉ ሁለት ሴቶች፣ አንደኛዋ ከአካባቢ ጥበቃ ማኅበር፣ ሁለተኛዋ የልዩ ልዩ ሃይማኖት ምእመናን ከመሠረቱት ማኅበር፣ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የኬፕ ታውኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ስምምነቱ የአገሪቱን በጀት ለብዙ ዘመን የሚያስር ሆኖ ሳለ በሕጉ መሠረት ለምክር ቤቱ ቀርቦ ስላልጸደቀ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። ያን ጊዜ አንድ ጡብ አልተጣለም፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ለተርባይን አልተከፈለም ነበር።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 አስፈጻሚው የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይናገራል። የኑክሌሩ ስምምነት ወደዚያ ሲደርስ፣ የሐብሩና የወልድያ ተወካዮች እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት ሥራው በጨረታ ነው ወይስ በቀጥታ ስምምነት የተሰጠው፣ ብድሩ ስንት ነው፣ ወለዱስ፣ በየትኛውስ ገንዘብ ይከፈላል፣ ኀይሉን የሚያደርሰው መስመር ከማመንጫው ጋር አንድ ጊዜ ይጀመራል ወይስ እንደ ባቡሩ ይቀራል፣ ዝቃጩስ የት ይቀበራል፣ የሚጠብቀውስ በማን ወጪ ነው ብለው ሊጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀብለው ለመራጮቻቸው በመርሳ አዳራሽ ሊያነቡላቸው ይገባል።